ሶሲዮሎጂ ልሞላ ነው፤ አባቴ ግን «እድር ላይ ተቀመጪ» ይለኛል

የገላን ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ጉዳዩ የራሴ ሆነ።

ፍሬሽማን ነኝ፣ ሶሻል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሼ ለእረፍት ቤት መጥቻለሁ። ስመለስ ዲፓርትመንት እንሞላለን። ውጤቴ መጥፎ አይደለም። ሕግ ላይደርሰኝ ይችላል፤ አካውንቲንግ ግን ይደርሰኛል። እኔ የምፈልገው ሶሲዮሎጂ ነው። ለምን ሲሉኝ ደህና መልስ የለኝም። አንትሮፖሎጂ በዚህ ሴሚስተር ሳልተኛ የጨረስኩት ብቸኛ ኮርስ ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፣ አትሳቁብኝ።

ትናንት እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ አየኝና «ስለ ሰው ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን አስኬደሽ? እኔ እድር ላይ ላስቀምጥሽ፣ በአንድ ዓመት ትመረቂያለሽ» አለኝ። እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በኋላ አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን መልስ አጣሁለት።

ሶሲዮሎጂ የተማራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። «አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ» አይደለም የምፈልገው። ጠዋት ተነስታችሁ የት ነው የምትሄዱት? ምን ትሠራላችሁ? ያበላል ወይ?

ሂሳብ ሹሙ

ወንድሜ፣ አካውንቲንግ ሙላና ተገላገል። እኛ ግቢ ሶሲዮሎጂን «ሥራአጦሎጂ» ነበር የምንለው። ዶርማችን ውስጥ ሁለት የሶሲዮሎጂ ልጆች ነበሩ። አንዱ ዛሬ ራይድ ይነዳል፣ ሌላው ሞባይል ይሸጣል። ሁለቱም ከእኔ የተሻለ ተማሪ ነበሩ። ስለ ማኅበረሰብ ማወቅ ካማረህ ማታ ማታ አንብብ፣ ማን ከለከለህ?

የገላን ልጅ

እህትህ ነኝ :) ራይድ የሚነዳው ልጅ በሙያው ሞክሮ አቅቶት ነው ወይስ ከመጀመሪያውም ትቶት?

ሂሳብ ሹሙ

ይቅርታ እህቴ። አንድ ዓመት ያህል ማስታወቂያ ሲያሳድድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሲቪው ላይ ከዲግሪው ሌላ ምንም አልነበረም። ያው እኔም ከዲግሪዬ ሌላ ምንም አልነበረኝም። ልዩነቱ፣ እኔን የቀጠረኝ ባንክ ከዲግሪ ሌላ አልጠየቀኝም።

ፋይል ተሸካሚ

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ትክክል ናት። ሙሉ ጉዳዩ እዚያ ውስጥ አለ።

እኔ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፣ ሴቶችና ሕጻናት ነክ ጉዳይ ላይ። በ2009 ነው በሶሲዮሎጂ የተመረቅኩት። ሰው ሁሉ የሚሸሸው ስለ ብር ማውራት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከመስከረም 2018 ወዲህ በተስተካከለው ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ነው። ከዚያ በፊት 6,940 ነበር። ከእናት አባትሽ ጋር ከሆንሽ እንደምንም ያስኬዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይተሽ ከሆነ ሂሳቡን ለሂሳብ ሹሙ ስጪው።

ሥራውን ልንገርሽ። ጠዋት ስገባ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ ሰው አለች። አንድ ቀን ባሏ የልጆቿን ቀለብ ያቋረጠባት እናት ናት። ሌላ ቀን የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያት ትሆናለች፤ ልጁን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ስትሄድ ወረቀት አምጪ ተብላለች። እኔ ዳኛም ፖሊስም አይደለሁም። የእኔ ሥራ የትኛው በር ጋ ምን ወረቀት ይዛ መሄድ እንዳለባት ማወቅ ነው። አንዳንዴም አብሬያት መሄድ፣ ብቻዋን ስትሄድ የሚቆጣት ሰው እኔን ሲያይ ስለሚለሳለስ። ይህን የትኛውም ኮርስ ላይ አልተማርኩትም። የተማርኩት ነገር ያገዘኝ ሌላ ቦታ ነው፤ አምስት አያቶች በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ዓይነት ችግር ሲመጡ ነገሩ የአያቶቹ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ያንን ጽፌ ወደ ላይ እልካለሁ። አንዳንዴ ይሰማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ስሜን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

አንድ ምክር፦ «ሶሲዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። እኔ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ የሕጻናት ጥበቃ ኦፊሰር፣ የሥርዓተ ጾታ ባለሙያ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ኦፊሰር፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ደግሞ ሶሻል ወርከር ይልሻል። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «በሶሲዮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ፣ በሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። እንጀራችን «ተዛማጅ» የምትለው ቃል ውስጥ ናት።

መንገደኛው

ወሬው ዘግይቶ ደረሰኝ፣ ሳይት ላይ ነበርኩ፣ ኔትወርክ የለም።

12 ዓመት ሆነኝ። የሥራ ስሜ «ሶሻል ሴፍጋርድ ስፔሻሊስት» ነው። ቤተሰቦቼ ዛሬም ኢንጂነር እመስላቸዋለሁ። ሄልሜት አድርጌ የተነሳሁት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ እኔም አላርምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ፣ መስኖ ወይም የውሃ መስመር በዓለም ባንክ ብር ሲሠራ ብሩ ብቻውን አይመጣም፣ ቅድመ ሁኔታ አለው። ባንኩ በ2011 መጀመሪያ ላይ አዲስ የአካባቢና የማኅበራዊ ማዕቀፍ ሥራ ላይ አውሏል፤ 10 መመዘኛዎች አሉት። አምስተኛው መሬት ስለሚወሰድባቸውና ከቀያቸው ስለሚነሱ ሰዎች ነው። ማን ይነሳል? ምን ያጣል? ምን ይከፈለዋል? ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይላል? ይህ ሁሉ ሥራው ሳይጀመር ተጠንቶ መጻፍ አለበት። ኢንጂነር ይህን አይጽፍም፣ ጊዜውም የለውም። የምንጽፈው እኛ ነን።

በሌላ በኩል የአገሩ ሕግ አለ፣ አዋጅ 1161/2011። በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ትልቁን የዓመት ገቢ ወስደሽ 15 እጥፉን ክፈዪው ይላል። በድሮው 455/1997 የ5 ዓመት አማካዩ 10 እጥፍ ነበር። ደህና መሻሻል ነው። ግን ልብ በይ፣ አዋጁ የሚያናግረው ባለይዞታውን ነው፣ የይዞታ ደብተር ያለውን። እኩል አራሹስ? መሬቱ የሌላ፣ በሬውና ጉልበቱ የራሱ የሆነው? የባንኩ መመዘኛ ደብተር የሌለውንም ቁጠሩት ይላል። እኛ ቆመን የምንውለው በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መሃል ነው።

አንድ ቀን ልንገርሽና ልተው። አንድ የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። 60 የሚሆን ሰው መጣ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ግንዱን ተደግፈው መሬት ላይ። ኢንጂነሩ ካርታውን ዘርግቶ አስረዳ። «ጥያቄ አላችሁ?» አልን። ወንዶቹ ስለ ባሕር ዛፍ ጠየቁ። ስለ ባሕር ዛፍ ሁሌም ይጠይቃሉ፣ ቁጥሩ ግልጽ ስለሆነ። ሴቶቹ ዝም። ቃለ ጉባኤ ላይ «ሴቶች 22፣ ተቃውሞ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ተፈራርመን ልንሄድ ነው።

እኔ በእግሬ መንገዱ የሚያልፍበትን መስመር ላይ ልሂድ ብዬ ቀረሁ። ከስብሰባው ከነበሩት አንዷን ጀሪካን አዝላ ስትወጣ አገኘኋት። «ውሃው ሩቅ ነው?» አልኳት። «አሁን ቅርብ ነው» አለችኝ። «አሁን» ማለቷ ከነከነኝና «ወደፊትስ?» አልኳት። እጇን ዘርግታ ችካሎቹን አሳየችኝ። መንገዱ እዚያ ጋ ኮረብታውን ይቆርጣል። ምንጩ ከማዶ ሊቀር ነው። ቁልቁል ያለውን ቁርጥ በጀሪካን መውረድ አይቻልም፤ ስለዚህ ዞሮ መሄድ ነው። ካርታው ላይ ምንጭ የሚል ምልክት የለም። ንብረት ግምት ላይም የለም፣ የማንም ስላልሆነ። «ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርሽም?» ስላት ገርሟት አየችኝ። «ስለ ዛፍ አይደል የጠየቃችሁት?» አለችኝ።

ኢንጂነሩ ደግ ሰው ነበር፣ አልተከራከረኝም። አንድ መሸጋገሪያ ተጨመረ። ወጪው ከአጠቃላዩ አንጻር ምንም ነው። ግን ያንን ቀን መኪናው ውስጥ ገብቼ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እዚያ ያሉ ሴቶች ይዞሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የምጠራው ለሴቶች ለብቻ ነው፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ካርታ ሳልይዝ።

ያበላል ወይ ላልሽው፣ ፕሮጀክት ሲኖር በደንብ ያበላል። ፕሮጀክት ሲያልቅ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለሽ ስልክ ትጠብቂያለሽ። እኔ ባለፉት ዓመታት ሁለቱንም አይቻለሁ።

የገላን ልጅ

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ሽንኩርቱን ትታ አዳመጠች። በመጀመሪያ እንዴት ነው የገባህበት ግን? ዜሮ ዓመት ይዘህ ሴፍጋርድ ማን ቀጠረህ?

መንገደኛው

ማንም። በቆጣሪነት ነው የገባሁት። አንድ ኮንሳልታንት የሚነሱ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት የሚቆጥር ሰው ለ3 ሳምንት ፈልጎ ነበር። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰውዬ ታመመና «ማን ይጽፋል?» ሲባል እጄን አወጣሁ። አማርኛዬም እንግሊዝኛዬም ሰው የሚያነበው ዓይነት ነበር። እሱ ነው ያስገባኝ።

ታብሌቷ

ቆጣሪ የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እስካሁን ቆጣሪ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ፤ አሁን ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ድሮ ወረቀት ነበር አሉ፣ እኔ የደረስኩት በታብሌት ነው፣ ኮቦ ወይም ሲኤስፕሮ የሚባል የመጠይቅ መሙያ ተጭኖበት። ጤና፣ ሴፍቲኔት፣ ትምህርት፣ ገበያ ጥናት... ያልጠየቅኩት ነገር የለም።

የገላን ልጅ፣ ይህ ሥራ ቋሚ አይደለም። ሁለት ወር ትሠሪያለሽ፣ ሦስት ወር ትቀመጫለሽ። የአበሉ ብር ጥሩ ነው፣ ከዚያ ያልቃል። ግን የተማርሽው ነገር ሕይወት የሚዘራው እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ «ራንደም ሳምፕሊንግ» (ናሙናን በዕጣ መምረጥ) ብዬ የሸመደድኩትን የገባኝ የመጀመሪያ ቀን ፊልድ ላይ ነው። ራንደም ማለት ውሻ የሌለበት ቤት ማለት አይደለም። ታብሌቱ የነገረሽ ቤት ውሻ ካለው፣ ባለቤቱን ከአጥር ውጭ ሆነሽ ትጠሪያለሽ፤ የለም ካሉ ትመለሻለሽ፤ እንደገና ትመለሻለሽ። ጎረቤቱ ቡና ይዞ በሩ ላይ ቢጠብቅሽም ወደ እሱ አትገቢም።

የምረሳው የማይመስለኝ አንድ ቤት አለ። ጥያቄው «ልጁ ትናንት እንቁላል በልቷል?» ይላል። እናትየው ሳታቅማማ «አዎ» አለች። ልጁ ከጀርባዋ በር ላይ ቆሟል፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ራሱን ነቀነቀ። አልበላሁም ማለቱ ነው። እሷ አላየችውም፣ እኔ አየሁት። ምን ትጽፊያለሽ? ሕጉ መልስ ሰጪዋ ያለችውን መመዝገብ ነው። «አዎ» ብዬ ሞላሁ። ማስታወሻ የሚል ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ያንን ማስታወሻ ማንም ያነበበው አይመስለኝም። ግን እናትየው የዋሸችው ለእኔ አልነበረም፣ ለታብሌቱም አይደለም። በእንግዳ ፊት ልጄን እንቁላል አላበላሁም ማለት አይሆንላትም። መጠይቁን ያወጣው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን እኔ ነኝ መጠይቅ የማወጣው፣ ጻፉልኝ።

የሕዝብ ቆጠራ ቢጀመርማ ስንቱ ጓደኛዬ እንጀራ ያገኝ ነበር። የመጨረሻው የ1999ኙ ነው፣ ከዚያ በኋላ እየተራዘመ ይኸው።

ጥር 12

ሁሉም ጥሩ ጥሩውን እያወራ ስለሆነ እኔ ልበጥብጥ።

8 ዓመት ኤንጂኦ ሠርቻለሁ፣ ስደተኛ ነክ ፕሮግራም ላይ። ደሞዙ ከመንግሥት ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ኢንሹራንስ፣ መኪና፣ የፊልድ አበል ነበረን። ከዚያ ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ቆመ። በአንድ ሳምንት ውስጥ «ሥራ አቁሙ» የሚል ኢሜይል ደረሰን። ፊልድ ላይ ያሉ ባልደረቦቼ የጀመሩትን የምክር አገልግሎት መሃል ላይ ጥለው ነው የተመለሱት። ሰኔ መጨረሻ ላይማ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ከእኛ ክፍል 14 ሰው ወጣ። ስሜን ከዚያ ነው ያወጣሁት።

ስለዚህ «ሶሲዮሎጂ ተምሬ ኤንጂኦ እገባለሁ» ብለሽ ካሰብሽ፣ ያ በር ከ5 ዓመት በፊት እንደነበረው አይደለም። አሁን ለአንድ ቦታ የሚወዳደርሽ አዲስ ተመራቂ ብቻ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ 8 ዓመት ልምድ ያለው ሰው በግማሽ ደሞዝ ሊገባ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ይህን ማንም አይነግርሽም ብዬ ነው።

ከእኛ መሃል ቶሎ ሥራ ያገኙት ሁለት ናቸው። አንዷ ስታታ የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም የምትችል፣ ዳታ የምታጸዳ። ሌላው አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚናገር። ዲግሪው የሁላችንም አንድ ነው።

ፋይል ተሸካሚ

ቋንቋውን አስምሪበት እህቴ። በአማርኛ ብቻ የሚገባበት ቀበሌ እያነሰ ነው።

የፓርኪንግ ሎት ምሩቅ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሰላም። እኔ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነኝ፣ ስድስት ኪሎ፣ ዲፓርትመንቱ ገና «ሶሲዮሎጂና ሶሻል አንትሮፖሎጂ» ተብሎ አንድ ላይ በነበረ ጊዜ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ዲግሪዬን ይዤ አራት ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ። እዚህ ሶሲዮሎጂ ብቻውን የሙያ ፈቃድ አያሰጥም። ሶሻል ወርክ ግን ያሰጣል። ሁለት ዓመት ማስተርስ ተማርኩ፣ ውስጡ ቢያንስ 900 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለው። ማታ ፓርኪንግ፣ ቀን ልምምድ። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ነኝ። አበሻ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው፤ ለአስተርጓሚነት ሳይሆን «ቤተሰቡ ለምን ምርመራውን ለሽማግሌው መንገር አይፈልግም?» ለሚለው።

ለሁሉም አንድ ነገር፦ ኮስት ሼሪንጋችሁን ጨርሱ። ውጭ ለመማር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ ያኔ ነው የሚመጣባችሁ። እኔ ወንድሜን ለስንት ሳምንት አመላለስኩት።

የሬጅስትራር ወረፋ

መምህር ነኝ፤ የትና ምን እንደሆነ ይቅር። ተማሪዎቼ እዚህ እንዳሉ ስለማውቅ ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው።

የገላን ልጅ፣ ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። ስለዚህ «ሶሲዮሎጂ ይቀላል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ ነው የሚነቃው። ቲዎሪው አይቀልም። ስታትስቲክሱ ደግሞ ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባውን ሁሉ ያሳድደዋል። መጥቶ «መምህር፣ እኔ ከቁጥር ነው የሸሸሁት» የሚለኝ በየዓመቱ አለ።

ሌላው ሲኒየር ኤሴይ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ ነው። «የወጣቶች ሥራ አጥነት መንስኤና መዘዝ፦ በእገሌ ከተማ» የሚል ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ ልንገርሽ አልችልም። የከተማው ስም ብቻ ነው የሚለወጠው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ የከተማውን ስም ገጽ 30 ላይ መቀየር ረስቶ ሌላ ከተማ ጥሎኝ ሄደ። መንገደኛው እንዳለው፣ አንድ ነገር ራሱ አይቶ የሚጽፍ ተማሪ ሲመጣ ወዲያው ይታወቃል። እንደዚህ ያለ ልጅ ሲቪው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር አለው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። አባትሽ የቀለደው በሥራችን እምብርት ላይ ነው። የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በእኛ 1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ አማራ ገበሬ ሊጽፍ ሲነሳ መንዝ ገብቶ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ አባትሽን አትከራከሪው፣ እሺ በዪው። እረፍት ላይ ነሽ። የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ደብተር ይዘሽ አብረሽው ሂጂ። ማንንም አትጠይቂ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሚናገር፣ በምን እንደሚጣሉ ብቻ ጻፊ። ከዚያ እዚህ ንገሪን። ከሰለቸሽ አካውንቲንግ ሙዪ፣ አንወቅስሽም።

የገላን ልጅ

እሺ መምህር፣ የፊታችን እሑድ ነው። እንዳያባርሩኝ ይጸልዩልኝ።

ሂሳብ ሹሙ

ይህ ክር መጨረሻው የት እንደሚደርስ አላወቅኩም፤ ግን እየጠበቅኩ ነው።

የገላን ልጅ

ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ታሪኩ። እኛ የካዛንቺስ ሰዎች ነበርን። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ገላን ጉራ ገባን። ሌሎቹ ጎረቤቶች ደግሞ በየአቅጣጫው ሄዱ። የአባቴ እድር ግን አልፈረሰም። አሁን የሚሰበሰቡት ኡራኤል አካባቢ አንድ የድሮ አባል ዘመድ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤት በጠዋት ወጥተን ሁለት ትራንስፖርት ይዘን ደረስን። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ። «ልጄ ናት፣ ጸሐፊ ልትሆን ትፈልጋለች» ብሎ አስገባኝ። ዋሽቶልኛል።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው መዝገቡ ነው። ገንዘብ ያዡ ስም ሲጠሩ ከጎናቸው ነበርኩ። «የቤት ቁጥር» የሚል ዓምድ አለ። ቁጥሮቹ በሙሉ በማስመሪያ ተሰርዘዋል። በላያቸው ላይ በደቃቁ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ገጹ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሳየው ሆዴን አንድ ነገር አለኝ።

ጡሩንባ ነፊው አሁን የቴሌግራም ግሩፑ አድሚን ነው! እውነቴን ነው። ሰው ሲሞት ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት፤ ለእነሱ አንድ በአንድ ይደውላል። የካርድ ወጪዬ ይሸፈን ብሎ ጠየቀ። ያለ ክርክር ጸደቀለት።

ጠብ የመጣው በድንኳኑ ላይ ነው። ድንኳኑና አግዳሚው የተቀመጠው እዚያው ግቢ ነው። ሐዘን ገላን ጉራ ቢደርስ ማን ያጓጉዘው? የአይሱዙውን ኪራይ እድሩ ይክፈል ወይስ ሐዘንተኛው? በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ሄደ። ሩቅ የደረሳቸው በአንድ ወገን፣ ቅርብ የቀሩት በሌላ ወገን። መምህር እንዳሉኝ ቆጠርኩ፦ 11 ሰው ተናገረ፣ ሰባቱ የድሮ ኮሚቴዎች ናቸው።

ከዚያ የቅጣቱ ጉዳይ መጣ። ድሮ ቀብር የቀረ ይቀጣ ነበር። አሁን አንዱ ተነስተው «ከዚህ ሁሉ ርቀት የቀረን ሰው እንዴት እንቀጣለን? ቅጣቱ ይነሳ» አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፣ የተስማማ መሰለ። አባቴ ተነሳ። ቤት ውስጥ እንደዚህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ድሮ ቅጣት ባይኖርም እንመጣ ነበር፣ ጎረቤት ነን። ቅጣት ያስፈለገን አሁን ነው። አሁን ቅጣቱን ካነሳን ይህ እድር መሆኑ ይቀርና የስልክ ማውጫ ይሆናል» አለ። ዝም ተባለ። ቅጣቱ እንዳለ ቀጠለ፣ ግማሽ ሆኖ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ደብተሬን ተቀበለኝ። እያነበበ መጣ። እኔ የምጠብቀው «ይኸው ያልኩሽ» እንዲለኝ ነበር። እሱ «ማውጫ ያልኩት ላይ 'የስልክ' የሚለውን ረስተሻል» ብሎ በእስክሪብቶ ጨመረበት።

ታብሌቷ

የቤት ቁጥር ዓምዱን ሳነብ ቆምኩ። እህቴ፣ አንቺ ሞልተሽ ጨርሰሻል፣ ፎርሙ ብቻ ነው የቀረሽ።

ጥር 12

ይህንን ሲኒየር ኤሴይ አድርጊው፣ ለማንም እንዳትሰጪ። ስለ ሥራው ያልኩትን ግን አላነሳም።

ሂሳብ ሹሙ

የአይሱዙውን ኪራይ ማን ከፈለ በመጨረሻ?

የገላን ልጅ

ግማሽ በግማሽ። አካውንታንት መሆንህ ያስታውቃል።

መንገደኛው

ጎበዝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። 11 ሰው ተናገረ አልሽ። ስንቷ ሴት ናት? ምንጩን አስታውሺ።

የገላን ልጅ

አንድም። ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ባል የሞተባቸው ናቸው፣ በባላቸው ስም ነው የሚከፍሉት። ሳነበው ነው ያስተዋልኩት። የሴቶቹ እድር ሌላ ነበር፣ እናቴ ነበረችበት። ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ምጣዱ የእነሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና «የእናንተ እድር መቼ ነው የሚሰበሰበው?» አልኳት።

«የእኛ ፈረሰኮ» አለችኝ።

«መቼ? አባዬ አልነገረኝም።»

«እሱ የት ያውቃል? ልንወጣ ሰሞን ነው። ድስቶቹን ተከፋፈልናቸው።»

ትልቁ ጥቁር ድስት ማን ጋ እንደደረሰ አታውቅም። ሁለቱ እኛ ቤት አልጋ ሥር አሉ፣ ሁልጊዜ የእኛ ይመስሉኝ ነበር። ለመመለስ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ስልካቸውን ከእናቴ ተቀብዬ አንድ በአንድ ልደውል ነው።